በሁለት የቤት ሰርቨሮች መካከል ስላለ የዝውውር ፍጥነት

ለተከበሩ የቤት ሰርቨር ወዳጆች መድረክ ዋና አወያይ፣
ለክቡር «ግራናይት ሰባ ሰባት»፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ ለእርስዎም ለሃርድ ዲስኮችዎም ጤና እመኛለሁ፤ መብራት አይጥፋባቸው፣ አቧራ አይድረስባቸው፣ ከፊታቸው ያለችው አረንጓዴ መብራት ብርቱካናማ ሆና አትታይዎት። እውነተኛ ስምዎን የማወቅ ዕድል ስላላገኘሁ መድረኩ ላይ በሚታወቁበት በድንጋዩ ስም ለመጥራት ተገድጃለሁ። እኛ ከተማ ግራናይት የተከበረ ነገር ነው፤ በየሐሙሱ በበረዶ ላይ እናንሸራትተዋለን። ስለዚህ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አለኝ።

እኔ ሎርን ቦይቹክ እባላለሁ። በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የኬልሪጅ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ሥራዬ በረዶ በጣለ ቁጥር ተጠርቼ አውራ ጎዳናውን በመጥረጊያ መኪና መጥረግ ነው። ባለቤቴ ዳርያ ባለፈው መኸር፣ ስንዴው ታጭዶ እንዳለቀ አረፈች። ይህን የማነሳው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ እኔም ራሴ ገና በወጉ አላዘንኩም። ሰዎች «እንዴት ነህ?» ሲሉኝ፣ ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነኝ እላቸዋለሁ፤ የራስ መሆኑ ይታወቃል፣ ሲነኩት ግን የሌላ ሰው ነው። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ዳርያ ፋይሎቿን የምታከማችባቸውን ሁለት ሰርቨሮች ትታልኝ መሄዷ ብቻ ነው።

አንደኛው ከመኝታ ቤታችን በታች፣ ምድር ቤት የተቀመጠው አሮጌው ሲሆን፣ ስሙ ባባ ነው። ባባ በእኛ በዩክሬን ዘሮች ቤት ሴት አያት ማለት ነው፤ ሲነሳም ሲቀመጥም ስለሚያቃስት እንዲህ አለችው። ሁለተኛው የድንች ከረጢት የምናኖርበት ጓዳ ውስጥ ያለው አዲሱ ነው፤ ስሙም ድንች ነው። ሁለቱም ላይ ስማቸውን በነጭ ፕላስተር ጽፋ ለጥፋባቸዋለች። ዳርያ በከተማችን፣ ያ ግራናይት በሚንሸራተትበት የከርሊንግ ክለብ፣ የሐሙስ ጨዋታዎችን፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በካሜራ ትቀርጽ፣ እየቀረጸችም ታወራባቸው ነበር። «ጌርትን ተመልከቱልኝ! ድንጋዩን ሲለቅ አማቱን የሚሸኝ ይመስላል፤ አይቸኩልም፣ ግን ፊቱ ፈክቷል» ትላለች፤ ከዚያ በራሷ ቀልድ ራሷ ቀድማ ትስቃለች። ጓዳ ቁጭ ብላ ድንች ላይ አሰናድታ ስትጨርስ ወደ ባባ ትልከውና ድንች ላይ የቀረውን ታጠፋዋለች፤ ድንች ያኔ ጠባብ ነበርና። ስለዚህ የዓመታት ድምፅዋ ያለው ባባ ላይ ብቻ ነው። ሌላ የትም የለም።

በገና ሰሞን የባባ መብራት ብርቱካናማ ሆነ፤ ዲስኩም ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። ለድንች ሰፋፊ ዲስኮች ገዛሁለትና በባባ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። ገመዱ በሰከንድ መቶ ሜጋባይት ማሳለፍ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ የሚደርሰኝ ግን እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነበር። ማሽኑ ራሱ አስልቶ ሥራው የሚያልቀው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እንደሆነ ነገረኝ። ባባ እስከዚያ እንደማይቆይ ለማወቅ ድምፁን መስማት ይበቃ ነበር። እንግዲህ የቸገረው ሰው ሊቅ ወዳለበት ይሄዳልና ወደ ክቡርነትዎ ደጅ መጣሁ። የተደረገልኝንም ውለታ በቅደም ተከተል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ርዕሴ መታረም። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን «እባካችሁ ድረሱልኝ፣ ባባ እየሞተ ነው» ብዬ ብጽፍ፣ ክቡርነትዎ ማንም መልስ ሳይሰጠኝ በፊት ዘግተው «ርዕስ ችግርን እንጂ ስሜትን መግለጽ የለበትም» የሚል ምክር ልከውልኛል። ትክክል ነዎት። በእርስዎ መሪነት ርዕሱ «በሁለት የቤት ሰርቨሮች መካከል ስላለ የዝውውር ፍጥነት» ተብሎ እስኪታረምና እስኪፈቀድ ድረስ ባለው ጊዜ ባባ ሌላ ብርቱካናማ መብራት አበራ፤ ርዕሱ ግን ያማረ ሆነ። እንደዚያ ያለ ርዕስ በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ተደረገልኝ ምርመራ። የመድረኩ አባላት ለእርዳታ ሲሻሙብኝ ማየት የሚያኮራ ነበር። አንዱ ገመዱን ቀይር አለኝ፤ ቀየርኩ። አንዱ ገመዶቹን የሚያገናኘውን ማከፋፈያ ጣለው አለኝ፤ ጥዬ ሌላ ገዛሁ። ሌላው «ይሄን ዓይነት ዕቃ መጀመሪያ ለምን ገዛህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ገዢዋን መጠየቅ ስለማልችል አለፍኩት። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ «ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ሁሉንም ሌላ ቦታ ኮፒ አድርገህ ያዝ፤ ከዚያ ስለ ኮፒው ፍጥነት እንነጋገራለን» ሲል መክሮኛል፤ ይህን ምክር እስካሁን ደጋግሜ አነበዋለሁ። ጎረቤቴ ጌርት፣ የክለቡን የበረዶ ወለል የሚያሰናዳው፣ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ባትሪ ይዞልኝ ነበር። «ሎርን፣ እኔ የማውቀው በረዶ ነው» አለ፤ «ድንጋዩ ሲዘገይ በረዶው ይጠረጋል። የዚህን ምኑን ልጥረግልህ?» አባላቱ ያዘዙትን ፈተና ሁሉ አድርጌ ውጤቱን በላክሁ ጊዜ፣ ገመዱ ደህና፣ አዲሱ ማከፋፈያ ደህና፣ መንገዱ ሁሉ የተጠረገ ሆኖ ተገኘ። መኪናው ብቻ አይሄድም። አንዱም «በወረቀት ደረጃ ችግር የለብህም» ብሎ አጽናናኝ። በዚህ ረገድ ከሐኪሞቹ ይልቅ እናንተ ትሻላላችሁ፤ እነሱ ለዳርያ ይህንንም አላሏትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥያቄዬ መዘጋት። ነገሩ ገና ሳይቋጭ ክቡርነትዎ «ቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ» የሚል ማኅተም መትተው ዘጉብኝና፣ ከዓመታት በፊት ወደተጠየቀ፣ ርዕሱ ከእኔ ጋር በፊደል አንድ ወደሆነ ጥያቄ መሩኝ። ውለታውን ቁጥር እየሰጠሁ የማቀርበው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን መቁጠር አልሆነልኝም።

የመሩኝ ጥያቄ «መጥረጊያዋ» የምትባል አባል የጠየቀችው ነበር። ከጽሑፉ ግርጌ፣ አባላት ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ የማሽኖቿ ዝርዝር ተጽፏል፦ «ምድር ቤት፦ ባባ፤ ያቃስታል። ጓዳ፦ ድንች፤ ዝም ይላል። መኝታ ቤት፦ ሎርን፤ ያንኮራፋል።»

እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ትቼ ወጣሁና የደጃችንን በረዶ በአካፋ ጠረግሁ። ቀድሞውኑ የተጠረገ ነበር።

ተመልሼ ሳነበው እንዲህ ይላል። «ሰላም ለዚህ ቤት። ባሌ በበረዶ መጥረጊያ መኪና ነው የሚያድረው። ከጓዳ ወደ ምድር ቤት ፋይል በላክሁ ቁጥር ባባ ጠጠር እንደሚፈጭ ይንጓጓል፤ ያለው ደግሞ ልክ ከባሌ አልጋ ሥር ነው። ሁለቱ ማሽኖች ሲቀባበሉ ቀስ እንዲሉ ምን ላድርግ?» ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ የጠየቀችው እንዴት እንደሚፈጥን አልነበረም፤ እንዴት እንደሚዘገይ ነበር። ከላይ በትንንሽ ፊደል «ርዕሱ በአወያይ ታርሟል» የሚል ማስታወሻ አለ፤ የፊተኛው ርዕሷ «ባሌን ሳልቀሰቅስ» የሚል ነበር። የእሷን ልመናና የእኔን ልመና፣ አንዱ ወደ ሰሜን አንዱ ወደ ደቡብ የሚሄዱትን፣ በዚያ ባማረ ርዕስ አንድ ያደረጓቸው እርስዎ ነዎት። ከርዕሱ በታች አንድ መስመር ቢያነቡ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። ግን ሥራ ይበዛብዎታል።

አባላቱም እንደ ልማዳቸው ተረባርበውባታል። «እህቴ፣ ሰው ለፍጥነት ቤቱን ይሸጣል፣ አንቺ ዝግመት ትለምኛለሽ? ነይ የእኔን ውሰጂ፤ ቀንድ አውጣ እንኳን ቆሞ ይጠብቀዋል» ይላል አንዱ። ሌላው «ማታ ማታ አትልኪም እንዴ?» ሲላት፣ «የኔ ወንድም፣ የሱ እንቅልፍ ቀንና ማታ አያውቅም፤ በረዶ ሲጥል ይወጣል፣ ሲያባራ ይተኛል፤ ሰማዩ ደግሞ ፕሮግራሙን አይነግረኝም» ብላ መልሳለች። «እንግዲያው ባልሽን ጓዳ አስተኚዋ!» ላላትም፣ «አስቤበት ነበር፤ በማንኮራፋቱ ድንቹን ያበቅልብኛል» ብላዋለች። በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው «የፍጥነት ገደብ የሚባል ነገር አለ፣ ፈልጊው» አላት። ከዚያ የእሷ የመጨረሻ ቃል ይከተላል፦ «አገኘሁት! ተፈታ። ተባረኩ።» ከሥሩ የክቡርነትዎ ማኅተም አለ፦ «ተፈትቷል፤ ተዘግቷል።»

የት እንዳገኘችው አልተናገረችም። ይህ የመድረካችን ነባር ባህል ነው፤ የተሳካለት ሰው «ተፈታ» ይልና በሩን ከኋላው ዘግቶ ይሄዳል። ድፍን ሀገር ያንን ጥያቄ እያነበበ «የት ነው ያገኘሽው?» ሊላት ይፈልጋል፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ሆንኩ። አብሬያት የኖርኩ ብሆንም ከእነሱ የተሻለ የምጠይቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ስለዚህ ለክቡርነትዎ በግል ጻፍኩ። ሁለቱ ጥያቄዎች ተቃራኒ መሆናቸውን፣ አሮጌው ቢከፈት ያ ደግ ሰው የት እንደሆነ ሊነግረኝ እንደሚችል፣ ባባም ብዙ ጊዜ እንደሌለው ገለጽኩ። ምላሽዎ ፈጣን ነበር፦ «የተከበሩ አባል፣ የጥያቄዎቹ ርዕስ አንድ ነው። የተዘጋ ጥያቄ እንዲከፈት ማመልከት የምትችለው ጠያቂዋ ብቻ ናት፤ በራሷ ስም ገብታ ታመልክት።» ጠያቂዋ ማረፏን ብገልጽ ደግሞ «የአባላት የግል ሁኔታ በዚህ መድረክ አይስተናገድም» ተባልኩ። ይህን ለጌርት ሳነብለት፣ «ይሄ ሰውዬ እውነትም ድንጋይ ነው እንዴ?» አለኝ። ስለ ክቡርነትዎ እንዲህ መባሉን አልወደድኩትም። እኛ ድንጋይ እናከብራለን፤ ቢያንስ ሲገፉት ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ እኔና ጌርት ገደቡን ባባ ላይ ስንፈልግ ሰነበትን፤ የሚጮኸው ባባ ነውና። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ጌርት እጁን በትንፋሹ እያሞቀ «ወይ ብርድ! ዳርያ እዚህ ቁጭ ብላ ትሠራ ነበር እንዳትለኝ» ባለ ጊዜ ግን ነገሩ ገባኝ። ዳርያ ምድር ቤት ተቀምጣ አታውቅም። ብርድ አትወድም፤ ደረጃውንም አትወድም። የምትቀመጠው ጓዳ፣ ማሞቂያው አጠገብ፣ ሻይዋን የድንች ከረጢት ላይ አስደግፋ ነው። የማሽን ነገር ለማግኘት ማሽን ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ ነበር የለፋሁት።

ወጥቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ድንች ላይ፣ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ፣ በዳርያ ስም ሥር፣ «የፍጥነት ገደብ» የሚል ገጽ አለ፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ተቸጋሪ ይጠቅም እንደሆነ ቦታውን በግልጽ ጽፌዋለሁ። እዚያ፣ ለሚላከውም ለሚመጣውም በሰከንድ አንድ ሜጋባይት የሚል አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ እኔም የምገለብጠው በእሷ ስም ገብቼ ነበር። ማሽኑ ለሕጉ ስም አውጪለት ሲላት ስም አውጥታለታለች፤ «ሎርን ተኝቷል» ይላል። ከጎኑ ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷን ሲነኩ ሕጉ ይነሳል። ስነካት ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ዳርያ ካረፈች ወዲህ በቅጡ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም። ቢሆንም ጌርት ከበሩ ላይ «ምን ይላል?» እስኪለኝ ድረስ የሕጉን ስም ደጋግሜ አነበብኩ።

ምልክቷን ሳነሳ ባባ ነቃ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አዳመጥኩት፤ ወለሉ፣ የአልጋው እግር፣ በኮሞዲኖው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠጠር እንደሚፈጭ ነው ያለችው እውነቷን ነው። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ድምፅ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ዓመታቱ በአንድ ቀን ተግተልትለው ወጡ። ማሽኑ ከአሮጌው ጀምሮ ወደ ቅርቡ በተራ ነው የሚወስደው፤ ተራ ማስቀየር ይቻል እንደሆነ አላውቅም፣ እንዳልጠይቅም ጥያቄዬ ተዘግቶ ነበር። ሁሉም ወጥቶ አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀር ባባ ቋ አለና ዝም አለ። ደግሞ አልተነሳም። ከተማ ያሉት ባለሙያዎችም ከፍተው አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

የቀረችው የመጨረሻዋ ሐሙስ ናት። ጌርት ስነግረው፣ «እንኳን ጠፋች! ዘጠኝ ለአንድ የተሸነፍኩባት አይደለች? ስታላግጥብኝ ዓለም ሊሰማ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ አስገብቶ፣ ሁለተኛውን ጫማ በእጁ ይዞ፣ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ላይ ብዙ ቆየ። እኔ ያን ሐሙስ፣ ባለፈው ዓመት በረዶ ማብቂያ ላይ፣ መንገድ ላይ ነበርኩ። ድምፅዋ እየደከመ እንደነበር፣ በመጨረሻም ካሜራውን ወደ ራሷ አዙራ አንድ ነገር እንደተናገረች ክለቡ የነበሩ ሰዎች ነግረውኛል፤ በጭብጨባው የተነሳ ምን እንዳለች የሰማ የለም። ቤት ስገባ «ምን አልሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አሁን ተኛ፤ ባባ ላይ ታገኘዋለህ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ርዕሴን ባረሙበት ጊዜ ውስጥ ያቺ ጨዋታ፣ በዚያው በዳርያ ዝግመት እንኳን፣ ደርሳ ሻይዋን ጠጥታ ትመለስ ነበር። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ወቀሳ ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ አሁን ያለኝ ምስጋና ብቻ ነው። ሳያነቡ ባይዘጉብኝ ኖሮ ባለቤቴ ስለ እንቅልፌ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትሟገት የዋለችበትን ቀን ሳላውቅ እሞት ነበር። በአንድ ማኅተም አንዱን ሰጡኝ፣ ሌላውን ወሰዱብኝ፤ ሁለቱንም አላወቁም።

የቀረኝ ልመና አንድ ነው። የዳርያ ጥያቄ ለአንዲት ደቂቃ ይከፈትልኝና፣ «አገኘሁት» ካለችው ሥር የት እንዳገኘችው ልጻፍላት። ከዚያ በፈለጉት ማኅተም ይዝጉት። እኔ በበኩሌ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ጓዳ ተመልሼ ምልክቷን ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። ባባ ስለሌለ የሚዘገይም የሚፈጥንም ነገር የለም፤ ሕጉ ግን አለ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለዓይንዎም ከርዕስ በታች የሚወርድበት ዕረፍት ከልብ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር እጅ የምነሳ፣

ሎርን ቦይቹክ
የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር፣ የ«መጥረጊያዋ» ባል

ግልባጭ፦
ለጌርት፣ ለክለቡ
ለድንች፣ ለጓዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ርዕስ ልብ ብለውት ከሆነ፣ እርስዎ ያረሙልኝ ያው ርዕስ ነው፤ አንዲት ፊደል አልነካሁም። ልመናዬን ባይቀበሉትም እንኳ እንደ ልማድዎ ሳያነቡ «ቀድሞ የተመለሰ» ብለው ይዝጉትና፣ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይምሩልኝ።